ፕሮሰሱስ?

ሰላምታችን ድሮ ረጅም ነበር። ሰውየው ደህና፣ ቤቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ እናት አባት ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተብሎ ተብሎ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ሚስቱን አዲስ አበባ ትቶ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው ግን ይሄ ሁሉ ተቆርጦ አንድ ቃል ብቻ ቀርቷል። "ፕሮሰሱስ?"

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ፣ "ፕሮሰሱስ?" እንጀራ ልገዛ ስገባ ባለሱቋ መልስ እየቆጠረችልኝ፣ "ገና ነው?" ለቅሶ ቤት ገብቼ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ፣ ባላቸው የሞተባቸው እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣ "ልጄ፣ የባለቤትህስ ነገር ከምን ደረሰ?" ላጽናናቸው የሄድኩት እኔ፣ ተጽናንቼ የወጣሁትም እኔ።

ጠያቂው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቶሎ ያለቀለትን እየጠራ የሚያጽናና ነው፤ "የወንድሜ ሚስት እኮ ዓመትም አልሞላት፣ መጥታ አርግዛለች።" ሁለተኛው ያላለቀለትን እየጠራ ያጽናናል፤ "አይዞህ፣ እኛ ሕንፃ ላይ ያለው ልጅ እንኳ ስንት ዓመቱ!" ከመጀመሪያው ጋር ስትለያይ ትቀናለህ፣ ከሁለተኛው ጋር ስትለያይ እንቅልፍ ታጣለህ። ሁለቱም ግን ቡናህን ይከፍሉልሃል፣ አይካድም።

ላላለፈበት ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ባል የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ለሚስቱ አይ-130 የሚባለውን ማመልከቻ ያስገባል። የዜጋ ሚስት ኮታ የለባትም፤ ባልየው ግሪን ካርድ ብቻ ከያዘ ግን ወረፋው ሌላ ነው። ኢሚግሬሽን ጋብቻው እውነት መሆኑን መርምሮ ሲያጸድቅ ፋይሉ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፖርትስማውዝ የምትባል ከተማ ወዳለው ኤንቪሲ የሚባል የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ወረቀት። ከዚያ ሜዲካል፣ ከዚያ እንጦጦ መንገድ ካለው ኤምባሲ ኢንተርቪው። እኔ ፖርትስማውዝን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ትዳሬ ግን እዚያ ከርሟል።

እኛ ያስገባነው በማርች 2023 ነው፤ ያኔ ክፍያው 535 ዶላር ነበር። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በወረቀት ለሚያስገባ 675፣ በኦንላይን ለሚያስገባ 625 ሆኗል። "በርካሹ ጊዜ ነው ያገባኸው" አለኝ ሎየሩ።

ሎየሩ ሕግ የተማረ ሰው አይደለም። ዕድሜ ልኩን ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ከምንሰበሰብበት ቡና ቤት መስኮት ሥር የማይጠፋ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። ሁለት ወንድሞቹን፣ አንድ እህቱን፣ እንዲሁም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ እንደምንሰማው ሁለት ሚስቶቹን በየተራ አምጥቷል። የፎርም ቁጥር እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ጠበቃ ከፍለህ አማክረህ ስትመጣ እንኳ ጠበቃው ያለውን ለእሱ ነግረህ ካላጸደቀልህ ልብህ አያርፍም።

የሎየሩ ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው፤ "ጋብቻህ እውነት መሆኑ አይበቃም፣ እውነት መምሰል አለበት።"

እኛ የተጋባነው ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ፣ ኮተቤ ድንኳን ተጥሎ ነው። ሽማግሌ ተልኳል፤ አጎቷ በመጀመሪያው "አስበንበት እንነግራችኋለን" ብለው መልሰዋል፣ ልጅቱን ቶሎ መስጠት ነውር ነውና። ቤተ ክርስቲያን ሄደናል፣ ወረዳ ሄደን ፈርመናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ይቀበላል፤ እኛ የትኛው እንደሚበቃ ስላልገባን ሦስቱንም አደረግነው። ሰፈሩ በልቶ ጠጥቶ መስክሯል። ጥሬ ሥጋው አነሰ ብለው እስከ ዛሬ የሚያሙን ሰዎች አሉ፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ሐሜት ግን ስካን አይደረግም። የሚፈለገው ፎቶ ነው።

ፎቷችንን ለሎየሩ አሳየሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አንድ በአንድ አገላበጠው። ፊቱ ጠቆረ። እውነቱን ነው። ሽማግሌዎች ፊት ስለሆንን እጅ ለእጅ አልተያያዝንም። መልስ ላይ ካባ ደርበን የተቀመጥንበት ፎቶ ላይ ሁለታችንም ፍርድ ልንሰጥ የተሰየምን ዳኞች ነው የምንመስለው። አማቴ ካሜራ ሲያዩ ስለሚሸሹ በሁሉም ፎቶ ላይ ያሉት ግማሽ ትከሻቸው ብቻ ነው። ተቃቅፈን ከልባችን ስንስቅ የሚታየው እኔና አንደኛ ሚዜዬ ነን።

"ይሄን ያየ ሰው ማን ማንን እንዳገባ ግራ ይገባዋል" አለ ሎየሩ።

መፍትሔም አልጠፋውም። ስትሄድ ሁለት ሦስት ቅያሪ ልብስ መኪና ውስጥ ያዝ፤ ጠዋት ቢሾፍቱ፣ ከሰዓት እንጦጦ ፓርክ፣ ማታ ቦሌ፤ በየቦታው ልብስ እየቀየራችሁ ተነሡ፤ የዓመት ፎቶ በአንድ ቀን ያልቃል። ለሚስቴ ደውዬ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ "በአንድ ቀን ሦስት ቀሚስ የምቀያይረው ለሠርጌ ነው፣ እሱም አልፏል" አለችኝና ርዕሱ ተዘጋ።

የሚገርመኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። የወረቀት ጋብቻ የሚባል ነገር አለ፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም አናውቅም እንላለን። በአሜሪካ ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ያለበት ነው። የእነዚህ ሰዎች ፋይል ግን ጉድለት የለውም። ፎቶው በወቅት በወቅቱ ተደርድሯል፣ የልደት ኬኩ ላይ ስሙ በትክክል ተጽፏል፣ ባል የሚስትን የጫማ ቁጥር ያውቃል። እውነተኛ ባልና ሚስት መቼ ነው ይሄን የሚያውቁት? እኔ የሚስቴን የጫማ ቁጥር የማውቀው ገዝቼ የላክሁት ጠቧት ሲመለስ ነው።

ፎቶ ካልሆነ ቻት አቅርቡ ተባለ። የቴሌግራም ምልልሳችንን አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ አተምኩት። ፍቅር ፍለጋ ገጽ በገጽ ሄድኩ። "ደህና ዋልሽ?" "ደህና።" "በላሽ?" "አዎ።" "ብሩ ደረሰ?" "ደረሰ።" "እማማስ?" "ደህና ናቸው።" "በይ ደህና እደሪ።" ይሄ ነው፣ ገጽ ሙሉ። የሚወራው ወሬ፣ የሚሳቀው ሳቅ ሁሉ በስልክ ነው፤ እኔ ከማታ ሥራ ገብቼ አራት ሰዓት ላይ ስደውል እዚያ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ እሷ ድምፅዋ ገና አልተፈታም፣ ከበስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል። ዶሮው እንዴት ይታተማል?

በመሃል ደግሞ ባዶ አለ። ሦስት ሳምንት ገደማ አንዲት ቃል አልተጻጻፍንም። የበርበሬው ጊዜ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ መንገደኛ ለምና አስይዛ በርበሬ ልካልኝ ነበር። እሷና እናቷ ቀንጥሰው፣ አስጥተው፣ ከቅመሙ ጋር ደልዘው፣ ወፍጮ ቤት ቆመው ያስፈጩት ነው። እኔም ቀምሼ፣ በቅን ልቦና፣ "ዘንድሮ ትንሽ ጨው አልበዛበትም?" ብዬ ጻፍኩ። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው መጡ። ከእነሱ ሌላ የመጣ ነገር የለም።

"ይሄን ክፍል አውጣው" አለ ሎየሩ። "ሦስት ሳምንት የማይነጋገሩ ባልና ሚስት ምን ዓይነት ናቸው ይሉሃል።" ለሚስቴ ነገርኳት። ያን ጊዜ ታርቀናል፣ አክስቴ ገብተውበት ነው። እሷ ግን ስለ በርበሬው ሲነሣ ቁጣዋ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። "ምን ሲባል ይወጣል! አስገባው! ያልተጋባ ሰው በበርበሬ ይኮራረፋል?"

አስገባሁት። እስከ ዛሬ ከፋይላችን ውስጥ በጣም ጠንካራው ማስረጃ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የስፖንሰሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ እኔ ደሞዝተኛ ስለሆንኩ ብዙም አላስቸገረኝም። ሕጉ ስፖንሰሩ ከፌዴራል የድህነት መለኪያ 125 ከመቶ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ በ2024 ለሁለት ሰው ቤተሰብ 25,550 ዶላር ነበር። ኡበር የሚነዳ አንድ ወዳጄ ግን እዚህ ላይ ነው የተያዘው። በታክስ ጊዜ ቤንዚኑን፣ ጎማውን፣ ስልኩን ሁሉ አስቀንሶ ድሃ ሆኖ ፈርሟል። በስፖንሰር ጊዜ ሀብታም ልሁን ቢል ወረቀቱ እምቢ አለ። ጆይንት ስፖንሰር ፍለጋ ዘመድ ቤት መዞር ጀመረ። ዋስ መሆን ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ይሄኛው ግን መጪዋ ዜጋ እስክትሆን ወይም አሥር ዓመት ያህል እስክትሠራ የማይወርድ ዋስትና ነው፤ ጋብቻው ቢፈርስ እንኳ ፊርማው አይፈርስም። ወዳጄ ገና በሩን ሲያንኳኳ ሻይ የሚያቀርቡለት ዘመዶቹ አሁን ውጭ ነን ይሉት ጀመር፤ ቴሌቪዥኑ እየተሰማ።

ዲኤስ-260 የሚባለውን ፎርም የሞላነው በስልክ ነው። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ከ16 ዓመትሽ ጀምሮ የኖርሽበትን አድራሻ በሙሉ ይላል። አድራሻ! "ከቶታል ወረድ ብሎ፣ በጊዮርጊስ ጀርባ፣ ቀይ የብረት በር" ለታክሲ ነጂ ይበቃል፤ ፎርሙ ግን የቤት ቁጥር ይፈልጋል። የልጅነት ሰፈሯን የቀበሌ መታወቂያ አስፈልጌ አየሁት። የቤት ቁጥር፤ አዲስ። ሌላ የኖረችበትንም አየሁ። የቤት ቁጥር፤ አዲስ። ይህችን ሴት ከመንግሥት መዝገብ ብቻ ለሚያውቃት ሰው ዕድሜዋን በሙሉ ካንድ ቤት አልወጣችም።

ወደ ጸጥታ ጥያቄዎች ስንደርስ አማቴም አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። "የሽብር ድርጅት አባል ነሽ?" "አይደለሁም።" "በዘር ማጥፋት ተሳትፈሻል?" "ኧረ አልተሳተፍኩም።" "አሜሪካ ሄደሽ ከአንድ በላይ ባል..." እዚህ ላይ አማቴ ስልኩን ተቀበሏት። "ልጄ፣ ምን አድርጋለች ብለው ነው?" አሉኝ። ለሁሉም ሰው የሚቀርብ ጥያቄ ነው እማማ አልኳቸው። "ለሁሉም ሰው? እንዲህ ያለው ሰው በዝቶ ነው እንዴ?" ብለው ስልኩን መለሱላት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አሜሪካ ያላቸው ግምት ትንሽ ዝቅ ብሏል።

የስሙ ጣጣም አለ። እኛ አገር ሚስት የአባቷን ስም ጥላ የባሏን አታነሣም። የእኔ የአሜሪካ ወረቀት በአባቴ ስም ያበቃል። የእሷ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ደግሞ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ አያቷን ያስቀምጣል። ስለዚህ ፎርሙ ላይ ባልና ሚስት ሆነን የቀረብነው እኔና እሷ ሳንሆን አባቴና አያቷ ናቸው።

ኢንተርቪው ዲሴምበር 2024 ላይ ደረሰ። ሎየሩ ከዚህ ሆኖ በስልክ አሠለጠናት። አልጋው ላይ በየትኛው በኩል ነው የሚተኛው፣ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠጣው ምንድን ነው፣ የሠርጋችሁ ቀን ሚዜዋ ምን ለብሳ ነበር። እሷ ሁሉንም አጠናች። በቀኑ ስልኳን ለወንድሟ ሰጥታ፣ ጎኑ ያበጠ ማህደር ታቅፋ ገባች። ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሰውዬ እንዴት ተዋወቃችሁ አላት፣ ነገረችው። ማህደሩን ከፈት አድርጎ አንድ ሁለት ወረቀት አየ። ከዚያ፣ "የባለቤትሽ ልደት መቼ ነው?"

ይህንን ሎየሩም አላሰበውም። እኔ የተወለድኩት ጳጉሜን 3 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው። ፈረንጅ ጳጉሜን የለውም፤ በእነሱ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1986 ይሆናል። ልደቴን አክብሬ አላውቅም፤ እናቴ ዕለቱን ጠላ ጠምቃ መልአኩን ከመዘከር በቀር።

"ሩፋኤል" አለች ሚስቴ።

አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጠች። ሰውየው ምን አለች አለ። አስተርጓሚዋ ምን ብላ እንዳስረዳችው አናውቅም፣ ከተፈለገው በላይ ረዥም ነበር ነው የምትለው ሚስቴ፤ ስለ ዝናቡ መጨረሻም፣ ስለ ጠበሉም ሳትነግረው አልቀረችም። ሰውየው ኮምፒውተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ቪዛሽ ጸድቋል አላት። አልጋውን ማንም አልጠየቃት።

ፕሮሰሱ እዚህ ላይ አለቀ ያለ ሰው ሎየሩን አያውቀውም።

ዜናውን ስነግረው እንኳን ደስ አለህ አላለኝም። ጣቱን መቁጠር ጀመረ። "መቼ ነው የተጋባችሁት? ጃንዋሪ 22፣ 2023። እንግዲህ ጃንዋሪ 22 ሁለት ዓመት ሳይሞላችሁ ከገባች የሁለት ዓመት ካርድ ነው የሚሰጧት። ጊዜው ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው እንደገና 751 ሞልታችሁ፣ 750 ዶላር ከፍላችሁ፣ እንደገና ፎቶ፣ እንደገና ቻት። ሁለት ዓመት ከሞላችሁ በኋላ ከገባች ግን የአሥር ዓመቱን በቀጥታ።" ልክ ነው፤ የሚቆጠረው የምትገባበት ቀን ነው።

እንደገና ቻት ሲል በርበሬው ትዝ አለኝ።

ነገር ግን ዘመኑን አስቡት። ትራምፕ ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነበር። ቡና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን፣ "አብደሃል? ከሃያ በፊት ትግባ! ነገ ምን እንደሚፈረም ማን ያውቃል?" ሁለተኛው ወገን፣ በሎየሩ የሚመራው፣ "ከሃያ ሁለት በኋላ! የዜጋ ሚስት ናት፣ ቪዛዋ ተመቷል፣ ማን ይነካታል?" የማያውቀኝ ሰው ሳይቀር ቡናውን ይዞ መጥቶ ድምፅ ይሰጣል። የእንጀራዋ ባለሱቅ ከሃያ በፊት ናት። ለቅሶ ቤት ያጽናኑኝ እናት፣ "በገና ሰሞን ልጅቷን ከእናቷ አትለዩ" ብለው ከሁለቱም ወጡ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ማንም አስተያየት የለውም ነበር፣ አይዞህ ነው። አሁን ሦስት ሳምንት ስትቀር አገር ተነሣ።

ለሚስቴ ሁለቱንም ወገን በእኩል አስረዳኋት። ትኬት ልቁረጥ ወይ አልኳት።

"ጥምቀትን ጃንሜዳ ሳላከብር የትም አልሄድም" አለች። "ሁለት ዓመት አስጠብቀውኛል፣ እኔም ትንሽ ላስጠብቃቸው።"

የሁለቱም ወገን ክርክር ከእሷ መልስ ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ ሎየሩ ግን በእሱ ምክር እንደሆነ እስከ ዛሬ ያወራል። ጥር 11 ጃንሜዳ ነበረች። ጥር 12 እኛ እዚህ በብርድ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን ምን ይፈረም ይሆን እያልን ስንጨነቅ እሷ በቃና ዘገሊላ ታቦት ልትሸኝ ወጥታ ስልክ አታነሣም። ጥር 14 ሁለተኛ ዓመታችንን በየፊናችን ዋልን። ጥር 16 ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈች፣ ሻንጣዋ ውስጥ አዲስ በርበሬ ይዛ። ቀምሼዋለሁ። ምንም አልጎደለውም፣ ምንም አልበዛበትም፤ ይህንንም በጽሑፍ ልኬላታለሁ፣ አጠገቤ ተቀምጣ እያለች።

ለካርዱ 235 ዶላር ከፍለን ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ በፖስታ መጣ። የተጻፈበት የማብቂያ ቀን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በትልልቅ ፊደል ከላይ የታተመው የአያቷ ስም ነው። አማቴ እንደሚሉት ሰውየው በሕይወት ዘመናቸው ከፍቼ ማዶ ተሻግረው አያውቁም፤ አውቶብስ እንኳ ያዞራቸው ነበር። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ከአባቴ ጋር አንድ የፖስታ ሣጥን ይጋራሉ፣ የባንክ ማስታወቂያም በስማቸው መምጣት ጀምሯል።